ስሟ የተዘፈነባት ኑራ

ኑራ አብዱሰመድ ጨርቅ ስትሸጥ መቀስ አታበዛም። ጫፉን ብቻ ነካ ታደርግና በሁለት እጇ ይዛ ትተረትረዋለች፤ ጨርቁም ቀጥ ብሎ ይሄድላታል። እንዲህ ያስተማራት አባቷ ነው። አባቷ ጉልበቱ ሳይከዳው አቡጀዲና ካኪ በበቅሎ ጭኖ፣ ዳባት ሲል አምባራስ፣ አምባራስ ሲል በየዳ እየዞረ የነገደ ሰው ነበር። ሲደክመው ደባርቅ ገበያ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ፤ ሲሞት ደግሞ ሱቋ ለሴት ልጁ ደረሰች። ወንድ ልጁ ሙሰዓብ የቆዳ ንግድ ይዞ ስለነበር ለጨርቅ ግድ አልነበረውም።

ባሏ አወል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሊማሊሞን ሽቅብና ቁልቁል ሲመላለስበት ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳን ጎማው ከመንገድ ሳይወጣ፣ ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ላይ ሞተ። ኑራ ያን ጊዜ ገና አርባ አልሞላትም ነበር። አንዲት ልጅ ቀረቻት፤ ሩመይሳ ትባላለች፣ አሁን ጎንደር ሄዳ ትማራለች። በከተማው የኑራ ስም የሚነሳው በሁለት ነገር ነበር፤ ዋጋ አትቀንስም፣ ሰው አታማም። ከዚህ ሌላ የሚወራላትም የሚወራባትም አልነበረም። እሷም ይኸው ይበቃኛል ትል ነበር።

አምና ከጥቅምት ወዲህ አንድ ነገር ተጀመረ። ዳባት የሚኖር አብዱልቃድር የሚባል የእህል ነጋዴ፣ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የቀረ ሰው፣ ሙሰዓብ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ሰውየው ሃምሳን አልፏል፣ ዝምተኛ ነው፣ በመስጊድም በገበያም ስሙ ያልጎደፈ ነው። ኑራ ከሩቅ አይታዋለች። ሙሰዓብ ሲጠይቃት «ላስብበት» አለች። ላስብበት ማለቷ እሺ ማለቷ እንደሆነ ሙሰዓብም ገባው፣ ሽማግሌዎቹም ገባቸው። ከረመዳን በኋላ ኒካው ይታሰር ተባለና ነገሩ በዚያው ተያዘ።

የላቀው አልበም የወጣው በዚህ መሀል ነው።

ላቀው ትውልዱ አምባራስ አካባቢ ሲሆን፣ ዳባት ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ። በዚያ አገር ሠርግ ካለ ላቀው አለ። ማሲንቆ ይዞ ጀመረ፣ በኋላ ኪቦርድ የሚመታለት ሰው ጨመረ፤ ድምፁ ግን ያው የደጋ ድምፅ ነው፣ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር የሚጠራራ ሰው ድምፅ። በካሴት ዘመን አንድ አልበም አውጥቶ ብዙም አልተሰማለትም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠርግ ብቻ ኖሮ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሁለተኛውን ሠራ። ስሙን «ዳገት ላይ» አለው። በሳምንቱ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ሻይ ቤቱም እሱኑ ከፈተ።

አልበሙ የሚጀምረው በበየዳ ገብስ ነው፤ አጫጆች ተቀባብለው የሚሉት ዓይነት ዘፈን ነው። ቀጥሎ የሾፌሮቹ ይመጣል፤

ፍሬኑን ይዞታል፣ መሪውን ይዞታል፣
ልቡ ግን ቀድሞት ደባርቅ ገብቷል።

ይህን ኑራ ወደደችው። አንድ ማለዳ ጎረቤቷ ዋሴ፣ የላስቲክ ጫማ ሻጩ፣ ሱቁን እያሰናዳ ሲከፍተው ሰምታ ዘፈኑ እስኪያልቅ የያዘችውን ጥቅል ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። አወል እንደዚያ ነበር። ገና ቆላው ላይ ሳለ ዳገቱን ሳይጀምር ይደውልና «ደርሻለሁ፣ ምሳ አቅርቢ» ይላት ነበር። ከጦርነቱ ላልተመለሱት የተዘፈነም አለ፤ ማሲንቆ የለበትም፣ ሲከፈት ሰው ወሬውን ያቆማል። የሠርግም አለ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ደግሞ «ኑራ» ይባላል።

ዋሴ ያን ዕለት እዚያ ሳይደርስ ገዢ መጣበትና ዘጋው። ስለዚህ ኑራ የስሟን ዘፈን የሰማችው ከልጇ ነው።

«እማ፣ የላቀውን ሰምተሻል?» አለች ሩመይሳ በስልክ።

«የሾፌሩን ሰማሁ። ጥሩ ነው።»

«የሾፌሩን አይደለም። በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ ስሚው።»

ኑራ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ሰማችው።

ደባርቅ ገበያ ከጨርቅ ሻጮች ተራ፣
ልቤን ያስቀረችው ስሟ ማነው? ኑራ።
ሲጨልም ሰማዩ፣ ሲጋረድ ተራራ፣
በመስኮቱ በኩል እጇን ሰጠች ኑራ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በደባርቅ ጨርቅ ተራ ከእሷ በቀር ኑራ የምትባል የለችም። ላቀውን ደግሞ አታውቀውም ማለት አይቻልም፤ ተማሪ ሳለ በአባቷ ግቢ የኋላውን ክፍል ተከራይቶ ተቀምጦ ነበር። እሷ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እጅ በመስኮት ሰጠች የተባለውን ብታስብ ብታስብ ትዝ አላላትም። ደግማ ሰማችው። ከዚያ ስልኩን አጥፍታ በሩን ከፈተች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያውን ዞሮ ነበር። ጨርቅ የማያስፈልጋቸው ልጃገረዶች እየመጡ ዋጋ ይጠይቁና እያዩዋት፣ እርስ በርስ እየተያዩ ይሄዳሉ። ባጃጆች በሱቋ ፊት ሲደርሱ ይቀዘቅዛሉ፣ ድምፁንም ከፍ ያደርጉታል። አንድ ከጎንደር የመጣ ወጣት ፎቶ ላንሳሽ ብሎ ጠየቃትና፣ «ጨርቁን አንሳ፣ እኔን ተወኝ» አለችው። ማታ ፊቷን ስትታጠብ ግን መስታወቱ ፊት ትንሽ ቆየች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሙሰዓብ መጣ። ሱቁ ውስጥ አልገባም፣ በሩ ላይ ቆመ።

«መስኮቱን ማን ነው የከፈተለት?» አለ።

«የምን መስኮት ከፈትኩለት? ያኔ አንተም እዚያው ግቢ ነበርክ። መስኮቱ የእሱ ክፍል መስኮት እንደነበር ታውቀዋለህ።»

«እኔ የማውቀው አብዱልቃድር ዘፈኑን መስማቱን ነው። ሽማግሌዎቹ ትናንት ሊመጡ ነበር፤ አልመጡም።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ። ዝም አሉ። ዝምታ አይገባሽም?»

ኑራ የተዘረጋውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ፣ «ዳባት ሄጄ ላቀውን ራሱን እጠይቀዋለሁ» አለች።

«ሴት ልጅ ዘፋኝ ቤት ትሄዳለች?»

«እሱ እኔ ያለሁበት ድረስ መጥቶ ስሜን ወስዷል። እኔስ እሱ ያለበት ብሄድ ምን አለ?»

ሙሰዓብ እኔም ልምጣ ቢል ነገሩ ጠብ እንደሚመስል አወቀና ሄደ።

በነጋው ኑራ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሾፌሩ «ዳገት ላይ»ን ከፍቶ ነበር፤ ወገራው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ተራው የእሷ ዘፈን ሆነ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ቅቤ ይዘው ወደ ገበያ የሚሄዱ ናቸው።

«ይቺ ኑራ በእውነት ያለች ሰው ናት ይላሉ» አሏት።

«እንዲያ ይላሉ?»

«አዎ፣ ደባርቅ ናት። አሁንማ ዕድሜዋ ገፍቷል አሉ። ውበቱ የድሮ ነው።»

«ይሆናል» አለች ኑራ፤ ከዚያ እስከ ዳባት ድረስ ስለ ቅቤ ዋጋ አወሩ።

የላቀውን ቤት ያሳየቻት አንዲት ሻይ ሻጭ ናት። በሩን የከፈተችው ሚስቱ አመተ ማርያም ነበረች፤ ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት።

«ማን መጣ ልበለው?»

«ኑራ በይው። ከደባርቅ፣ ከጨርቅ ተራ።»

አመተ ማርያም ከእግሯ እስከ ራሷ ቀስ ብላ አየቻት። «ግቢ» አለች በመጨረሻ። «እኔም ባይሽ ደስ ይለኝ ነበር። ማነች ባልኩት ቁጥር ‹ቤት መምቻ ናት› ይለኛል።»

ላቀው ከጓሮ መጣ። ሽንኩርት ሲኮተኩት ነበርና እጁ አፈር ነበር። መጀመሪያ አላወቃትም፤ «ይቀመጡ እንጂ» ብሎ አንቱ አላት። የአብዱሰመድ ልጅ መሆኗን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ፣ አጠራሩም ተለወጠ።

«ኑራ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። በመስኮት ሰጠች ያልከው የምን እጅ ነው?»

ላቀው ሚስቱን አየት አደረገ። ሚስቱ ልትሄድ አልተነሳችም።

«ንፍሮ ነው» አለ።

«ምን?»

«የባቄላ ንፍሮ። ያ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ስንቄ አልደረሰልኝም ነበር። ያለኝን ጥሬ ጨረስኩ። ለማንም መናገር አፈርኩና በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ከዚያ አንቺ መስኮቱን አንኳኳሽ፤ በጣሳ ንፍሮ ሰጠሽኝ። በነጋው ደግመሽ መጣሽ። ስንቁ እስኪመጣልኝ ድረስ እንዲያ አኖርሽኝ። ስለ አንቺ ስምሽንና የአባትሽን የጨርቅ ንግድ ብቻ ነው የማውቀው። አልበሙን ስሠራ ያ ነገር ትዝ አለኝና ገባ። ሰው ደግሞ የራሱን ሰማ።»

«ይህን ለእኔ አትነግረኝም ነበር?» አለች አመተ ማርያም።

«ንፍሮ ነው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር» አለች።

ኑራ አሁን ጣሳው ትዝ አላት። ትኩስ ስለነበር በሻሿ ጫፍ ይዛው ነበር፤ ዝናቡ በጎን እየመታት፣ ጭቃው ጫማዋን እየጎተተባት። ዝም ብትል ነገሩ ለእሷ ይቀርላት ነበር። የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

«እናቴ ናት» አለች።

«እንዴት?»

«የላከችኝ እናቴ ናት። ‹ከዚያ ልጅ ክፍል ሰሞኑን ጭስ አላየሁም፤ የሚበላው ቢኖረው ያነድ ነበር። በበር ብትሄጂ ያፍራል፣ በመስኮት ስጪው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለአባትሽም ቢሆን› አለችኝ። እኔማ ዝናብ ነበርና እያጉረመረምኩ ነው የማመጣልህ። አንድ ቀን እንዲያውም ግማሹን መንገድ ላይ በላሁት።»

ላቀው የእጁን አፈር ማራገፍ ጀመረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«እማማ ዘኪያ ናቸው» አለ። «አሉ?»

«ሞተች። አወል ከመሞቱ በፊት ነው የሞተችው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ባጠገባቸው አልፍ ነበር እኮ። ሠርግ ላይ ስዘፍን ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ሰላም ብያቸው ብቻ አለፍኩ።» ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ «ዘኪያ… ገበያ…»

«ይኸው፣ አሁንም ቤት ይመታል» አለች አመተ ማርያም ለኑራ። ድምጿ ግን ቅድም በር ላይ እንደነበረው አልነበረም። ተነስታ ሻይ ጣደች።

ኑራ ሻዩን ጠጥታ ስትነሳ የመጣችበትን ነገረችው። «አዲስ ዘፈን አልፈልግም። ይህም ይጥፋ አልልም፣ አይጠፋም። ወንድሜ ቤት መጥተህ ለእኔ የነገርከኝን እንዳለ ንገርልኝ።»

«እመጣለሁ» አለ።

ስትመለስ በመስኮቱ በኩል የአጨዳውን ሜዳ እያየች ሄደች። ዘፈኑን ከሰማች ወዲህ አንድ ሰው የዚያን ዘመን እሷን አይቶ፣ ሳታውቅ አስታውሶ ይዟት ኖሯል የሚል ሐሳብ በውስጧ እየዞረ ነበር። ሐሳቡ ያሳፍራት ነበር፣ ደስ ይላትም ነበር። አሁን ባቄላ ሆኖ ተገኘ፤ ባቄላውም የእናቷ ነበር። ጥቂት ቅር አላት፣ በብዙው ግን ቀለላት።

ላቀው ቃሉን ጠብቆ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ የአገሩን ሰው መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ይዞ ነበር። ሙሰዓብ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣቸው፣ ሁለት የመስጊድ ሽማግሌዎችም ጠርቶ ነበር። ላቀው ነገሩን ከክረምቱ ጀምሮ እስከ ጣሳው ተናገረ። እናታቸውን አነሳ። ኑራ እንዳረመችውም አልደበቀም።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። «እኔ ዘፈን አልሰማም» አሉ፤ «በዘፈኑ ያለውን አላውቅም። የወንዙን ነገር ግን አውቃለሁ። ያኔ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ስወርድ የዚህን ልጅ ስንቅ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ውሃው አላሻግር ብሎኝ ማዶ ሰው ቤት ከረምኩ። ስደርስ ከስቶ አገኘዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደህና ሆኖ አገኘሁት። ማን አበላህ ብለው አልነገረኝም።»

ሙሰዓብ ላቀውን አየው። «ታዲያ ንፍሮ ብለህ አትዘፍንም ነበር? ምን ያጠማዝዝሃል?»

«ሞክሬው ነበር» አለ ላቀው። «ንፍሮ ካልኩ የለቅሶ ቤት ሆነብኝ።»

ሙሰዓብ ሳቁን ሊይዝ ፈልጎ አልቻለም፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ከዚያ ሙሰዓብ ውሃ ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ቆየ። ሲመለስ ውሃ አልያዘም። «እናታችን እንዲህ ነበረች» አለ፤ «ያደረገችውን የምንሰማው ከሰው ነው።»

ወሬው በዚያው ሳምንት ገበያውን ዞረ። እውነተኛው ወሬ እንደ መጀመሪያው አልሮጠም፤ ያም ሆኖ ደረሰ። ላቀውም የፈለገውን ከማድረግ አልተመለሰም። ከፋሲካ በኋላ ደባርቅ በተሠረገ ሠርግ ላይ «ኑራ»ን ሲዘፍን አንድ ቤት ጨመረ፤

ሰው ሁሉ ሲጣደፍ ደባርቅ ገበያ፣
ለራበው ያሰበች እማማ ዘኪያ።

እስክስታ የሚወርደው ወጣት ይህን ሲሰማ ትንሽ ግራ ተጋባና «ኑራ» እስኪል ጠበቀው። ሁለት ሦስት አሮጊቶች ግን ቀና አሉ፤ አንዷ ለሌላዋ፣ «የጨርቅ ነጋዴው ሚስት አይደለችም?» አለች። ኑራ ሠርጉ ላይ አልነበረችም። ይህን የነገራት ዋሴ ነው።

ረመዳን አልፎ ነበርና የአብዱልቃድር ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ሙሰዓብ ደስ ብሎት ወደ ሱቁ ሄደ፤ ያን ዕለት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

«ነገሩ ጠርቷል ብለዋል። ኒካው እንደነበረው ይሁን ይላሉ።»

«አይሆንም በላቸው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልፈልግም ማለቴ ነው።»

«ሰውየው ምን በደለሽ? አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም እኮ።»

«አልወጣውም» አለች ኑራ። «ደግም አልወጣውም። ሙሰዓብ፣ እኔ ሴት ሆኜ ዘፋኝ ቤት ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ለእሱ መንገዱ ከእኔ አይረዝምም ነበር። መጥቶ ወይ ሰው ልኮ ‹ምንድን ነው ነገሩ?› ቢለኝ የማውቀውን እነግረው ነበር። አላውቅምም ብዬው ቢሆን፣ እሺ ብሎኝ ይሄድ ነበር።»

«አፍሮ ነው።»

«ማፈሩን አልጠላሁበትም። ግን ወሬ ነገም ይመጣል፤ ባልና ሚስት ላይ ወሬ መች ይጠፋል? ያኔም ዝም ይላል። እኔ ደግሞ እስኪጠራ ድረስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ልጠብቅ ነው።»

ሙሰዓብ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ዕድሜሽ ሁለተኛ የሚመጣ የለም።»

«አይምጣ።»

ሙሰዓብ ተቆጥቶ ወጣ፤ ወር ያህል ሱቋን አልረገጠም። በኋላ የልጁ ዩኒፎርም ሲቀደድ ካኪ ሊገዛ መጣና ነገሩ በዚያው ተረሳ። አብዱልቃድር በክረምቱ መግቢያ ከጎንደር አንዲት ሴት አገባ። ደህና ይኖራሉ ይባላል፤ ደህና የማይኖሩበት ምክንያትም የለም።

ክረምቱ ሲገባ ባጃጆቹ ሌላ ዘፋኝ ይዘው መጡ። ሰው አሁንም አልፎ አልፎ «የዘፈኗ ኑራ» ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሩመይሳ ለእረፍት መጥታ ሱቁ ውስጥ ስታግዛት ዋለች። ዝናብ ስለነበር ገዢ አልነበረም።

«እማ፣ ቆጭቶሻል?» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሰውየው። የዳባቱ።»

ኑራ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጥቅሎች አስተካከለች።

«አንዳንድ ቀን» አለች።

ሩመይሳ ሌላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ ጃንጥላ የያዙ ባልና ሚስት ከዝናቡ ሸሽተው ገቡ። መጋረጃ ሊያሠሩ ነው፤ ባልየው ሰማያዊ ይሁን አለ፣ ሚስትየው አረንጓዴ። ኑራ ሁለቱንም ጥቅል አወረደችና እስኪስማሙ ድረስ ጠበቀቻቸው።